ምጣድ ይንኳኳል፤ ኮለንስ?

ባለፈው ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ሸክላ ተራ ሄደን ነበር። ምጣድ ልትገዛ። እናቴ ምጣድ በዓይኗ አትገዛም። በጠርዙ ታቆመውና በጣቷ አንጓ መሐሉን ኳ ኳ ታደርገዋለች። ከዚያ ጆሮዋን ጠጋ። ሦስት ምጣድ መለሰች። እኔ አራቱንም ባገላብጣቸው አንድም ስንጥቅ አልታየኝም። አራተኛው ግን ጥርት ብሎ ጮኸ፣ እሱን ገዛች። ሻጯም አልከፋትም። የተመለሱትን ሦስቱን ለይታ ከኋላዋ አስቀመጠቻቸው፤ እሷም ሳታውቅ አትቀርም።

ቤት ስገባ ሳሎኔ ኮለን (የሕንፃው ምሰሶ) ላይ ያለችውን ስንጥቅ አየኋት። አፓርታማውን ከገዛሁ ዓመት አልሞላኝም። ስንጥቋ ከጣሪያው ሥር ተነሥታ አንድ ክንድ ያህል ትወርዳለች። ይህን ክር፣ ማለትም እዚህ መድረክ ላይ ያለውን የውይይት መስመር፣ የከፈትኩት ያን ዕለት ማታ ነው። ጥያቄዬ አጭር ነበር። ምጣድ ተንኳኩቶ ስንጥቁ ከታወቀ ሕንፃ ለምን አይታወቅም? ትንሽ ደፈር ብዬም የእናቴ ጣትና የመሐንዲሱ መሣሪያ ሥራቸው አንድ ነው፣ የሚለያዩት በዋጋ ብቻ ነው ብዬ ጨመርኩ። ያስበላችኝ ይቺ የመጨረሻዋ ነገር ናት።

በሦስት ቀን 23 መልስ መጣ። ዘግይተው የገቡት ከየት እንጀምር እያሉ ስለሆነ፣ ክሩን የከፈትኩት እኔ ነኝና ሒሳቡን እኔው ላወራርድ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛው መልስ የጨዋ ሰው ነው። ወንድሜ ብሎ ጀመረ፣ ለእናቴም ሰላምታ ላከ። ደህና ምጣድ ሲመታ ሁለመናው አብሮ ይርገበገባል፣ ስለዚህ ድምፁ ጠርቶ ይቆያል አለ። የተሰነጠቀው ሲመታ ግን የስንጥቁ ከንፈሮች እርስ በርስ ይፋተጋሉ። ፍትጊያው ድምፁን ይበላዋል። ሲኒም እንደዚያው ነው፣ የገዳም የድንጋይ ደወልም እንደዚያው። በእኔ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ተስማማ። ደስ አለኝ። ደስታዬ እስከ 4ኛው መልስ ድረስ ቆየ።

2ኛው ስለ ምጣድም ስለ ኮለንም ግድ የለውም። እሱ የሚያሳስበው የቤቱ ወለል ነው። ሴራሚኩ አንዳንድ ቦታ ሲረገጥ ባዶ ድምፅ ያሰማል፤ ምንድነው ብሎ ጠየቀ። 3ኛው፣ ሴራሚክ ሲያነጥፍ የኖረ ሰው ነኝ ያለው፣ ወዲያው መለሰለት። ከሥሩ ሲሚንቶ ያልደረሰው ሴራሚክ ከበሮ ይሆናል። በሳንቲም ወይም በቁልፍ እየመታህ ሂድ፣ ባዶ ያለውን በቾክ ምልክት አድርግ፣ ከዚያ ብዛቱን ብቻ ሳይሆን አቀማመጡን ተመልከት ብሎ መከረው። 2ኛው አመስግኖ ጠፋ። ይመለሳል፣ ጠብቁት።

4ኛው የሳይት መሐንዲስ ነው። በአክብሮት ጀምሮ የእኔን ሐሳብ ገነጣጥሎ ጣለው። ማንኳኳት ችግር መኖሩን ይነግራል አለ፤ የት እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሆነ ግን አይነግርም። እናቴ ምጣዱ ደህና አለመሆኑን እንጂ ስንጥቁ በየት በኩል እንደሆነ አታውቅም። ማወቅም አያስፈልጋትም፣ ትመልሰዋለቻ። ኮለን ግን አይመለስም። ስለዚህ ቦታውን ማግኘት የግድ ነው፤ ቦታ ደግሞ የሚገኘው ከጊዜ ነው። ገደል አፋፍ ቆመህ ጮኸህ ማሚቶው በ2 ሴኮንድ ከተመለሰ ማዶው 340 ሜትር ያህል ይርቅሃል። የተቀረው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው አለ።

አርማታ ላይ እንዴት እንደሚሠራም በደንብ ጻፈ። በኮለኑ አንድ ገጽ ላኪ፣ በተቃራኒው ገጽ ተቀባይ ይለጠፋል። የሚላከው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ 54 ኪሎኸርዝ ነው፣ ጆሯችን አይሰማውም። ጥሩ አርማታ ውስጥ በሴኮንድ 4000 ሜትርና ከዚያም በላይ ይሮጣል። 40 ሴንቲ ሜትር ኮለን ለመሻገር 100 ማይክሮ ሴኮንድ (የሴኮንድ ሚሊዮንኛ) ቢፈጅበት ነው። ውስጡ ክፍተት ካለ ግን ድምፁ አየሩን አቋርጦ አያልፍም ማለት ይቻላል። ዙሪያውን ይዞራል፣ ዘግይቶ ይደርሳል።

አንድ ጊዜ ያጋጠመውንም አከለ። የምድር ቤት ኮለን ነው። ፌሮው እግሩ ላይ በጣም ተጠጋግቶ ስለነበር አርማታውን እያንቀጠቀጠ የሚያጠቀጥቀው ቫይብሬተር በደንብ አልገባም። ካሳፎርማው (አርማታው የተሞላበት ሳንቃ) ሲነሣ ላዩ መስታወት ነው። እሱ ግን አላመነም። ኮለኑን በየ20 ሴንቲ ሜትሩ በቾክ አስምሮ፣ መስመሮቹ በሚገናኙበት ሁሉ ለካ። ከላይ 100፣ 98፣ 101 ማይክሮ ሴኮንድ። ከወገብ በታች 112። እግሩ አካባቢ 135። ይህ በፍጥነት ሲሰላ በሴኮንድ ከ3000 ሜትር በታች ነው። ፎርማኑ መሣሪያው ተበላሽቷል አለ። ቦታው በመሮ ሲከፈት ጠጠሩ ሲሚንቶ ሳይነካው ቁጭ ብሏል፣ ጣት ያስገባል። እኔ ይህን ሳነብ የሳሎኔን ኮለን ቀና ብዬ አየሁት።

የእኔን ስንጥቅ ፎቶም አስለጥፎኛል። በመጀመሪያ በትንሽ መዶሻ ዙሪያዋን ምታ፣ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ከአርማታው ተላቋል ማለት ነው አለኝ። መታሁ፤ ባዶ ነው። ስንጥቋ የልስኑ ብቻ ከሆነች ይህ ጥሩ ዜና ሊሆን ይችላል፤ ግን ልስኑ ተነሥቶ አርማታው እስኪታይ ድረስ ማንም በፎቶ አይፍረድ ብሎ አስጠነቀቀ። ልስን የሚያነሣልኝ ሰው ቀጥሬያለሁ። እስካሁን ሁለት ጊዜ ቀርቷል።

5ኛው ይህን ሁሉ ከማድረግ አርማታውን መትቶ የሚነጥረው ሽሚት ሀመር የሚባል መሣሪያ አለ አይደል ወይ አለ። 6ኛው ትዕግሥቱ አልቆ ነው የገባው። ሽሚት ሀመር የሚለካው ንጥረት ነው እንጂ ድምፅ አይደለም፤ ስለ ላይኛው ቆዳ ይነግርሃል፣ ስለ ሆድ ዕቃው ምንም አያውቅም፤ ይህን ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ያልተማረ መሐንዲስ ዲፕሎማውን ይመልስ አለ። ሐሳቡ ትክክል ነው፣ አነጋገሩ ግን ከቡጢ አይተናነስም። 6ኛው 4ኛውንም አልማረውም። ፌሮው ድምፁ በሚሄድበት አቅጣጫ ከተጋደመ ድምፁ በብረቱ ይፈጥናል፤ እርጥብ አርማታም ከደረቀው ይፈጥናል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ጥሩ ሆነ ማለት ኮለኑ ጥሩ ነው ማለት አይደለም አለ። 4ኛው ይህን ተቀበለ። ፌሮው የት እንዳለ ቀድሞ በመሣሪያ ፈልጎ፣ ከሱ ሸሽቶ እንደለካ ገለጸ።

7ኛው ከዱባይ ነው። ጤና ይስጥልኝ ብሎ፣ ስለ አየሩም፣ ስለ ናፍቆቱም አውርቶ፣ በስተመጨረሻ ብየዳ መርማሪ መሆኑን ነገረን። የእሱ መልስ ለእኔ የክሩ ምርጥ ነው። ብረት ውስጥ ድምፅ በሴኮንድ 5900 ሜትር ገደማ ይሄዳል። 10 ሚሊ ሜትር ላሜራ ውስጥ ደርሶ መልሱ 3.4 ማይክሮ ሴኮንድ ነው። ማሚቶው ከዚያ ቀድሞ ከመጣ መሐል ላይ የመለሰው ነገር አለ። ስንጥቁ ከፀጉር ቢቀጥን እንኳ ውስጡ አየር ስላለ ድምፁን ይመልሰዋል። በፕሮቡ፣ ማለትም ድምፁን ልኮ በሚቀበለው መሣሪያ፣ እና በብረቱ መካከል ጄል የሚቀባውም ለዚህ ነው፤ እዚያ መሐል አየር ከገባ ድምፁ ገና ከበር ይመለሳል። ጄል ያለቀበት ቀን በግራሶ እንደሠራ ነግሮናል፤ ሠርቷል፣ ልብሱ ግን አልዳነም።

አንድ ነገር ደግሞ በደንብ አስረዳ። ስንጥቁ ድምፁ በሚሄድበት መንገድ ቀጥ ብሎ ከቆመ አይታይም። ቢላን ስለቱን ወደ ዓይንህ አዙረህ እንደማየት ነው። ለዚህ ነው ፕሮቡ 45፣ 60 ወይም 70 ዲግሪ አዘንብሎ የሚልክ የሚሆነው። ስንጥቁን ከጎኑ ለመያዝ። ለረጅም ቱቦ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። ቱቦውን በፕሮብ ቀለበት ያስሩታል፣ ድምፁም የቱቦውን ግድግዳ ይዞ በግራና በቀኝ አሥር አሥራዎቹን ሜትሮች ይሄዳል። መጠቅለያ ሥር የተደበቀ ዝገት ሳይገለጥ ይገኛል። ትክክለኛ ጥልቀቱን ግን አይናገርም፤ እዚያ ሄዳችሁ በደንብ እዩ ይላል እንጂ።

ታዲያ ይህን ቀጭን መሣሪያ አርማታ ላይ ለምን አንጠቀምበትም ብዬ ጠየቅኩ። 7ኛው ተመልሶ በ8ኛው መልስ አስረዳኝ። የእሱ ድምፅ 5 ሜጋኸርዝ ነው፣ ብረት ውስጥ የሞገዱ ርዝመት 1.2 ሚሊ ሜትር አካባቢ። አርማታ ውስጥ ቢላክ እያንዳንዱ ጠጠር ይበትነዋል። የአርማታው ሞገድ ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ጠጠሩን ይዘልለዋል፣ ግን ትንንሽ ስንጥቅም አብሮ ይዘልላል። የጡጫ ያህል ባዶ ቦታ ያገኛል፣ የፀጉር ያህሉን አያገኝም።

ከዚህ በኋላ ክሩ ሐዲዱን ሳተ። 9ኛዋ ነፍሰ ጡር ናት፤ ይህ ሁሉ እሷ በየወሩ የምትታይበት አልትራሳውንድ አይደለም ወይ አለች፣ መሐንዲሶቹ ከሐኪም የኮረጁት መስሏት። 10ኛው በትሕትና አረማት። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ፋየርስቶን ብረት በማሚቶ ለመመርመር የባለቤትነት ማመልከቻ ያስገባው በ1940 ነው። የማህፀን ሐኪሙ ኢያን ዶናልድ ደግሞ በ1955 ከግላስጎው ከሴቶች የወጣ ዕጢ መኪና ላይ ጭኖ ቦይለር ወደሚሠራ ፋብሪካ ሄደ። እዚያ ያለውን የብየዳ መመርመሪያ ሊሞክርበት። ለማነጻጸሪያ ፋብሪካው አንድ ትልቅ የበሬ ሥጋ አቀረበለት። 11ኛው ሥጋው በኋላ ምን ሆነ ብሎ ጠየቀ። ለዚህ ጥያቄ ስንት ሰው እንደወደደለት ብታዩ ትገረማላችሁ።

12ኛው የድሬዳዋ ልጅ ነው። አያቱ የድሮው ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ባቡሩ ሲቆም እጀታው ረጅም የሆነ መዶሻ ይዘው በየሠረገላው እየዞሩ የብረት ጎማውን ይመቱ ነበር፤ እሳቸው ይመታሉ፣ ልጆቹ ከኋላ እየተከተሉ ድምፁን በአፋቸው ያስመስላሉ። አንድ ጊዜ አንዱ ጎማ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ደግመው መቱት። ቀና ብለው ልጆቹን ዝም በሉ አሉ። ሠረገላው ተፈታ። እስከዛሬ ያ ዝምታ ትዝ ይለዋል። ይህን አንብቤ እኔም ዝም አልኩ።

13ኛው ግን ትዝታ ባቡር አያድንም ብሎ ገባ። ጀርመን ኤሼዴ በሰኔ 1998 የተገለበጠውን ፈጣን ባቡር አነሣ። 101 ሰው ሞቷል። መነሻው የአንድ ጎማ የውጭ ቀለበት ነው፤ ስንጥቁ የጀመረው ከውስጥ ፊቱ ነበር። በቀለበቱና በጎማው መካከል ላስቲክ ነበር። ያንን በመዶሻ ቢመቱት ላስቲኩ ድምፁን ያፍነዋል፣ የማንም አያት ቢሆን አይሰማም አለ። 14ኛው መልስ የ12ኛው ነው፣ አንድ መስመር። አያቴን ተዋቸው የሚል።

በዚህ መሐል 15ኛዋ ገባች። እንግሊዝ አገር ሐዲድ ጥገና ላይ ትሠራለች። ሁለቱንም በአንድ ዱላ መታች። መዶሻው ብቻ ሳይሆን መሣሪያውም ይታለላል አለች። ጥቅምት 2000 ሃትፊልድ ላይ ባቡር ሲያልፍበት ሐዲድ ከ300 በላይ ስብርባሪ ሆነ፣ 4 ሰው ሞተ። የሐዲዱ ገጽ በደቃቃ ስንጥቆች ሲሞላ እነዚያ ድምፁን ገና ከላይ ይመልሱታል። ከሥራቸው ያለው ጥልቅ ስንጥቅ ጥላ ውስጥ ይቀራል። ያም ሆኖ ሐዲዱ ደህና አለመሆኑ ከአደጋው በፊት ታውቆ ነበር። መተኪያ ሐዲድም ተዘጋጅቶ ነበር፣ ግን በቦታው አልገባም። ድምፁ ተናገረ፣ ሰው አልሄደበትም። ለ13ኛው ይህን ካለች በኋላ ለ12ኛው ደግሞ አያትህ ያደረጉት ትልቁ ነገር መስማታቸው አይደለም፣ ሠረገላውን ማስፈታታቸው ነው አለችው።

16ኛው ዋሽንግተን አካባቢ የፓርኪንግ ሠራተኛ ነው። ሌሊት ተረኛ ሳለ ሰዎች መጥተው ባዶው ወለል ላይ ሰንሰለት ሲጎትቱ አየ። እብዶች መስለውት ነበር። ሸር ሸር እያለ የሚሄደው ሰንሰለት የሆነ ቦታ ሲደርስ ድምፁ ይቀየራል፤ ቀለም ይነፉበታል። ጠዋት ወለሉ የብርቱካንማ ቀለም ካርታ ሆኖ አደረ። የላይኛው ንጣፍ ከፌሮው በላይ ተላቆ እንደነበር በኋላ ነው የገባው፤ ጨው የበላው ፌሮ ዝጎ ሲያብጥ ነው የሚያላቅቀው። 17ኛው ፓርኪንግ በሰዓት ስንት ይከፍላል ብሎ ጠየቀ። መልሱን እዚህ አልደግመውም፤ በውስጥ መስመር ተነጋግረዋል።

18ኛው እስካሁን ያወራችሁት ሁሉ መምታትና መላክ ነው፣ ዝም ብሎ ማዳመጥም አለ አለ። ስኮትላንድ የፎርዝ መንገድ ድልድይ በ1964 ነው የተከፈተው። ሁለቱ ዋና ገመዶቹ እያንዳንዳቸው 11,618 ሽቦ ናቸው፤ የአንዱ ሽቦ ውፍረት 5 ሚሊ ሜትር ያህል። ከ40 ዓመት በኋላ ገመዱ ተከፍቶ ሲታይ ዝገትና የተበጠሰ ሽቦ ተገኘ። ጥንካሬው ከ8 እስከ 10 በመቶ እንደቀነሰ ተገመተ። በ2006 ገመዱ ላይ ጆሮ፣ ማለትም ድምፅ የሚያዳምጥ መሣሪያ፣ ተተከለለት። ሽቦ በተበጠሰ ቁጥር ጩኸቱ በሁለቱም አቅጣጫ ይሮጣል፣ የትኛው ጆሮ ቀድሞ እንደሰማ ይመዘገባል።

ይህኛውን በቁጥር አሳየኝ ብዬ ለመንኩት፣ አሳየኝ። ሁለት ጆሮዎች በ100 ሜትር ይራራቁ እንበል። ድምፁ በሽቦው በሴኮንድ 5000 ሜትር ይሂድ። አንደኛው ከሌላው በ10 ሚሊ ሴኮንድ ቀድሞ ሰማ። በዚያ ጊዜ ድምፅ 50 ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ አንደኛው 25 ሜትር፣ ሌላው 75 ሜትር ይርቃል ማለት ነው። የተበጠሰው ከአንደኛው 25 ሜትር ላይ ነው። ወረቀት ላይ ሠርቼ አረጋገጥኩት። የቆጡን ያወረድኩ ያህል ተሰማኝ። አንድ ነገር ግን አስታወሰ። ጆሮው ከመተከሉ በፊት የተበጠሰውን ማንም አልሰማውም፤ ለዚያ ገመዱን መክፈት ነበረባቸው።

19ኛው ላይ ነገሩ መረረ። እዚህ አገር ስለ ማዳመጥ ማውራት ቅንጦት ነው አለ። እሱ በሠራበት አንድ ሕንፃ ላይ ምርመራ ተደርጎ፣ መጥፎ ቁጥር ተገኝቶ፣ ሪፖርቱ መሳቢያ ውስጥ ገባ። ኮለኑ ተለሰነ፣ ቀለም ተቀባ። እንዲህ ዓይነቱን ወረቀት የሚፈርሙት ደግሞ እዚሁ ክር ላይ ቾክ ይዘው የሚያስተምሩን ናቸው ብሎ 4ኛውን ወጋ። 20ኛው የ4ኛው መልስ ነው። የመጀመሪያው ጨዋነት ጠፍቷል። ስሜን ሳታውቅ ፊርማዬን አወቅከው ወይ አለ። ያን 135 የለካበትን ኮለን ለማስፈረስ ሁለት ወር እንደተከራከረ፣ በኋላም ከዚያ ሳይት ተነሥቶ ሌላ ቦታ እንደተመደበ ገለጸ። 19ኛው ለዚህ መልስ አልሰጠም። 21ኛው መልስ የመድረኩ አስተባባሪ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ስለ ሰው ሳይሆን ስለ ነገሩ አውሩ የሚል። በእኔ ግምት 19ኛው ያለው ሐቅ ነው፣ የወጋው ሰው ግን ተሳስቷል።

22ኛዋ እኔን ነው ያረመችው። እናቷ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ምጣድ ድምፁ የሚደፈነው ስንጥቅ ስላለው ብቻ አይደለም አለች። በደንብ ያልደረቀ ወይም እሳት ያልጠገበውም ያው ነው፤ እናቴ የመለሰቻቸው ሦስቱ ምናልባት ስንጥቅ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። ደግሞም ምጣድ ገበያ ላይ ጮኸ ብሎ አይታመንም። በጎመን ዘር ከተሟሸ በኋላ፣ ምድጃ ላይ ከዋለ በኋላ ነው መታየት ያለበት። እናቷ ምጣዱን ገና አዲስ ሳለ አንኳኩተው ድምፁን ይይዙታል፣ በየጊዜውም ከዚያ ከመጀመሪያው ድምፅ ጋር ያስተያዩታል። 4ኛው ከጥሉ ወጥቶ ይህን ደገፈ። ሕንፃውም አዲስ ሳለ ቢለካና ቁጥሩ ቢቀመጥ ኖሮ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ 112 ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናውቅ ነበር አለ። ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። እሷም ማንኛዋም ሴት የምታውቀውን ነው የምትነግረኝ አለች።

23ኛው መልስ ትናንት ማታ ገባ። የሴራሚኩ ሰውዬ፣ 2ኛው። ቤቱን ሙሉ በሳንቲም ሳይሆን በበር ቁልፍ ሲመታ አመሸ፤ ሳንቲም ከየት ይመጣል ዘንድሮ። 14 ሴራሚክ ባዶ ሆኖ አገኘ፣ ሁሉንም በቾክ ከበበ። የ3ኛውን ምክር አስታውሶ ተነሥቶ አቀማመጡን ሲያይ፣ 11ዱ ከመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ጎን በአንድ መስመር ተሰልፈዋል። ይህን እያየ ሳለ በሩ ተንኳኳ። የታችኛው ጎረቤት ነው፣ በዚህ ሌሊት ምን ትቀጠቅጣለህ ብሎ ተቆጥቶ የመጣ። ወለሉን ሲያይ ቁጣውን ረሳው። እሱም ቤት ከሁለት ወር ወዲህ ጣሪያው ላይ እርጥበት አለ፣ በዚያው መስመር።